ክረምት ሳይገባ ከብትን ማስከተብ፦ ለአነስተኛ አርቢ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ጥንድ የእርሻ በሬ፣ አንዲት የምትታለብ ላም፣ አንዲት ጊደርና አንድ ጥጃ ላለው አርሶ አደር የአንድ ከብት ሞት ማለት የዓመቱ እርሻ መጓደል ወይም የልጆች ወተት መቅረት ማለት ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሸዋ፣ በጎጃም፣ በወሎና በመሳሰሉት የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች፣ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚጥልበት አገር፣ ጥቂት ከብቶችን ለሚያረባ ቤተሰብ ነው። መርፌውን የሚወጋው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በመሆኑ፣ እዚህ የተጻፈው በአብዛኛው ባለከብቱ ራሱ አስቀድሞ ሊያዘጋጀው፣ በዓይኑ ሊያየውና ደፍሮ ሊጠይቀው የሚገባውን ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት መጨረሻ አንድ የሁለት ዓመት ወይፈን ገዛሁ። የቀበሌው ክትባት ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ስለነበር «ለከርሞ ይከተባል» ብዬ ተውኩት። በሐምሌ አንድ ማለዳ በረቱን ስከፍት ወይፈኑ የኋላ እግሩን መርገጥ አቅቶት ቆሞ አገኘሁት። ታፋው አብጦ ነበር። በመዳፌ ስጫነው ከቆዳው ሥር ደረቅ ቅጠል በእጅ ሲጨበጥ የሚያሰማው ዓይነት መንኮሻኮሽ ተሰማኝ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሞቶ አደረ። አባ ጎርባ ነበር፤ በቀላሉ በክትባት ሊከለከል የሚችል በሽታ ነው። ከዚያ ወዲህ ክትባትን ከብት ሲታመም እንደሚፈለግ መድኃኒት ማየቴን ትቼ፣ በሽታው ከሚመጣበት ወቅት ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ቀጠሮ መያዝ ጀመርኩ።

አንደኛ፦ የትኛው በሽታ ክትባት እንዳለው ይወቁ

«ከብቶቼ ተከትበዋል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ የተከተቡት ለየትኛው በሽታ ነው የሚለው መታወቅ አለበት። የአንዱ በሽታ ክትባት ከሌላው አያድንም።

አባ ሰንጋ ከብትን በድንገት የሚገድል፣ ወደ ሰውም የሚተላለፍ በሽታ ነው። የበሽታው ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በታየበት አካባቢ በየዓመቱ መከተብ ግድ ነው። አባ ጎርባ በተለይ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ያሉትን፣ ያውም ጥሩ ሥጋ የያዙትን ወይፈኖችና ጊደሮች መርጦ ይጥላል። አርቢው «ይሄ እንኳን ጠንካራ ነው» ብሎ የሚያሳልፈው ከብት በአባ ጎርባ በኩል ይበልጥ የተጋለጠው ነው። ጎሮርሳ ጉሮሮን የሚያሳብጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት የሚያስከትልና ትንፋሽ የሚያሳጥር ሲሆን፣ በበጋው መኖ እጥረት የከሱ በሬዎች የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥልና እርሻው ሲከብድ በብዛት ይታመሙበታል። የጎሮርሳ ክትባት የመከላከል አቅሙ ወደ ስድስት ወር ስለሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ መሰጠቱ ይመረጣል።

የቆዳ ጉርብርብ በሽታ ተናካሽ ዝንቦችና ሌሎች ነፍሳት በሚበዙበት ጊዜ ይዛመታል፤ በቆዳው ላይ ጠጣር እባጮችን ያወጣል፣ ወተት ያደርቃል፣ ቆዳውንም ዋጋ ያሳጣዋል። አፍተግር፣ በአንዳንድ አካባቢ ማዝ የሚባለው፣ ጎልማሳ ከብትን እምብዛም ባይገድልም አፍና ሰኮናን አቁስሎ በሬን ከእርሻ፣ ላምን ከወተት ያሰናክላል፤ የውጭ ደም ባላቸው የወተት ላሞች ላይ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። የአፍተግር ክትባት በአገራችን በሁሉም ቀበሌ በመደበኛነት ስለማይሰጥ፣ የወተት ላም ያለው ሰው ራሱ መጠየቅ ይኖርበታል። የዳልጋ ከብት የሳንባ በሽታ ግን በሚታይባቸው አካባቢዎች ብቻ በዘመቻ የሚከተቡት ነው።

ከእነዚህ ክትባቶች ብዙዎቹ የሚመረቱት ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ነው። የክትባትን ኃይል ለሚጠራጠር ሰው የምነግረው የደስታ በሽታን ታሪክ ነው፦ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱን ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረኀብ ያመጣው ደስታ፣ በአገር አቀፍ ክትባትና ክትትል ተሸንፎ ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ሁለተኛ፦ ቀኑን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ክትባት በተወጋ ማግሥት አይሠራም፤ ሰውነት የመከላከል አቅሙን እስኪገነባ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ከዚህም ሌላ እንደ አባ ጎርባና ጎሮርሳ ያሉት ክትባቶች ከሞቱ ተሕዋስያን የሚሠሩ ስለሆነ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ጥጃ ወይም ከዚህ ቀደም መከተቡ ያልታወቀ ከብት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ሁለተኛ መርፌ ቢያገኝ የተሻለ ይጠበቃል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ከብቱ ሰኔ 1 ቀን ተጠብቆ እንዲገኝ ከፈለጉ ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ግንቦት 10 ላይ ይደርሳሉ፤ ይህ የመጨረሻው መርፌ የሚወጋበት ቀን ነው። ሁለት ጊዜ መከተብ ላለበት ከብት ሌላ አራት ሳምንት ወደ ኋላ ሲሄዱ የመጀመሪያው መርፌ ሚያዝያ 12 ላይ ይውላል። ክትባቱ ከወረዳ ዘግይቶ ሊመጣ፣ ባለሙያውም በሌላ ሥራ ሊጠመድ ስለሚችል አንድ ሳምንት መጠባበቂያ ይጨምሩ። ስለዚህ ለባለሙያው ጥያቄ የሚቀርበው በመጋቢት ነው። በግንቦት መጨረሻ ሄዶ «አልመጣም ወይ?» ማለት ዘግይቷል።

የጎሮርሳ ሁለተኛ ዙር ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ፣ ከብቱ በአጨዳና በውቂያ ሰሞን በየአውድማው ከመቀላቀሉ በፊት ይሁን። በልግ አብቃይ በሆኑ አካባቢዎች ደግሞ አቆጣጠሩ ከበልጉ ዝናብ መነሻ መጀመር ስለሚገባው ቀኑ ወደ ጥርና የካቲት ይሳባል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ፋሲካ የሚውለው በዚሁ የክትባት ወራት ነው። ለበዓል ሊታረድ ወይም ለቅርጫ ሊሸጥ የታሰበ ሰንጋ ካለ አስቀድመው ለባለሙያው ይንገሩት፤ በተለይ የአባ ሰንጋ ክትባት ከተሰጠ በኋላ ከብቱ ሳይታረድ መቆየት ያለበት በሳምንታት የሚቆጠር ጊዜ አለ፤ ቁጥሩም በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ተጽፏል።

ሦስተኛ፦ ከጎረቤት ጋር ይስማሙ

የጉርብርብና የሳንባ ክትባት እንደ ዱቄት ደርቆ በትንሽ ብልቃጥ የሚመጣ ሲሆን፣ አንዱ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ከብት የሚበቃ ነው። ብልቃጡ ተከፍቶ በማሟሚያው ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። አምስት ከብት ያለው ሰው ብቻውን ቢጠራ ባለሙያው ብልቃጡን ለመክፈት የሚያቅማማው በስንፍና አይደለም። ስለዚህ በዕድር፣ በማኅበር ወይም በአንድ የግጦሽ መሬት የሚገናኙ ቤተሰቦች ከብቶቻቸውን ቆጥረው፣ ስማቸውን በዝርዝር ጽፈው፣ አንድ ቀንና አንድ ቦታ ቆርጠው ቢያቀርቡ ነገሩ ይቀላል። ጥቅሙም ለሁሉም ነው፤ በአንድ ወንዝ ከሚጠጣ መንጋ ግማሹ ሳይከተብ ከቀረ በሽታው መግቢያ አያጣም።

አራተኛ፦ ዋዜማውና የክትባቱ ዕለት

በዋዜማው ከብቶቹን አንድ በአንድ ይዩ። ያልበላ፣ ያላመነዠከ፣ ያነከሰ፣ ያስቀመጠው ወይም ጆሮውን ሲነኩት የሚያቃጥል ከብት ካለ ለብቻው ይሰር፤ የታመመ ከብት አይከተብም። ያረገዙትን ላሞች ለባለሙያው ይንገሩ፤ ለመውለድ የተቃረበች ላም ከክትባቱ ይልቅ በግፊያውና በመጣሉ ልትጎዳ ትችላለች።

በቅርብ ቀናት አንቲባዮቲክ የተወጋ ከብት ካለ አይደብቁ። የአባ ሰንጋና የሳንባ ክትባቶች ሕይወት ካላቸው የተዳከሙ ተሕዋስያን የተሠሩ በመሆናቸው ፔኒሲሊን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊንን የመሰለ መድኃኒት ክትባቱን ራሱን ሊገድለው ይችላል። ከክትባቱ በኋላ ባሉት ቀናትም እንዲሁ ነው፤ ከብቱ ትንሽ ቢያተኩሰው ከመድኃኒት ቤት መርፌ ገዝቶ መውጋት ልፋቱን ሁሉ ያጠፋዋል።

ሥራው በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይጀመር። ጠንካራ ማቆሚያ ከሌለ ከሁለት የቆሙ ግንዶች መካከል በሬው ብቻ የሚያልፍበትን መተላለፊያ በአግዳሚ እንጨት መሥራት ይበቃል፤ ገመድ የሚይዙ ሁለት ጎልማሶችም ይኑሩ። ሕፃናት ይራቁ።

ባለሙያው ሲደርስ በትሕትና ሦስት ነገር እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። የመጀመሪያው በረዶ የያዘው የክትባት ሳጥን ነው፦ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ መጓዝ አለበትና ብልቃጡ በእጅ ሲያዝ ሊቀዘቅዝ ይገባል። ሁለተኛው በብልቃጡ ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ነው። ሦስተኛው የፈሳሹ መልክ ነው። የአባ ጎርባና የጎሮርሳ ክትባት ሲቀመጥ ከሥሩ ነጭ አተላ ይዘቅጣል፤ ሲናጥ ግን እንደ ወተት አንድ ወጥ መሆን አለበት። ተናጦም ጓጉሎ ወይም ተበጣጥሶ የሚታይ ከሆነ በበረዶ ተመቶ ሊሆን ይችላል፤ ኃይሉን ያጣ ስለሆነ አይወጋ። ብዙ ሰው ክትባትን ሙቀት ብቻ የሚያበላሸው ይመስለዋል፤ እንደነዚህ ያሉትን ፈሳሽ ክትባቶች ግን መሞቅም በረዶ መሆንም ያጠፋቸዋል።

መርፌው የሚገባው ብዙውን ጊዜ በአንገቱ ጎን፣ ከትከሻው ፊት ለፊት ባለው ልል ቆዳ ሥር ነው። ባለሙያው ቆዳውን በሁለት ጣቶቹ እንደ ድንኳን ያነሣና መርፌውን ከሥሩ ያስገባል። መጠኑ እንደ ክትባቱ ዓይነት ይለያያል፤ ለአባ ሰንጋ፣ ለጉርብርብና ለሳንባ በተለምዶ 1 ሚሊ ሊትር፣ ለአባ ጎርባና ለጎሮርሳ 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሆኖም የሚታመነው በመግለጫው ላይ የሰፈረው ነው። የእርስዎ ዓይን እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከብቱ ሲወራጭ መርፌው የተነሣውን ቆዳ በስቶ በሌላው ወገን ከወጣ ክትባቱ ፀጉሩ ላይ ይፈሳል፤ ፀጉሩ ረጥቦ ካዩ ወዲያው ይናገሩ፣ ከብቱም እንደገና ይከተብ። በተቻለ መጠን ለእያንዳንዱ ከብት መርፌው ይለወጥ፤ አንድ መርፌ ለመንጋው ሁሉ መጠቀም ከአንዱ ደም ወደ ሌላው በሽታ ያሻግራል። ተቀቅሎ የሚመለስ መርፌ ከሆነ በደንብ ይፍላ፣ ከዚያም ይቀዝቅዝ፤ በአልኮል ወይም በሌላ ፀረ ተሕዋስ ሲሪንጁን ማጠብ ግን ሕይወት ያለውን ክትባት ይገድላል።

አምስተኛ፦ ከክትባቱ በኋላ

ከብቶቹን ወዲያው ወደ ሩቅ ግጦሽ አይንዱ። ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በዓይንዎ ሥር ይቆዩ፤ ከስንት አንድ ከብት ሊንቀጠቀጥ፣ ትንፋሹ ሊያጥርና ፊቱ ሊያብጥ ይችላልና ባለሙያው ሳይሄድ መታየት አለበት። በተከታዮቹ ቀናት በተወጋበት ቦታ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት፣ መጠነኛ ትኩሳትና ትንሽ የወተት መቀነስ የሚጠበቁ ናቸው። በሬዎቹ ለሁለትና ለሦስት ቀን ቀንበር አይሸከሙ። የሳንባ ክትባት የተወጋ ከብት ላይ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላም ቢሆን እየሰፋ የሚሄድ ትልቅ እብጠት ከታየ ባለሙያ ይጠራ።

የልጅ ደብተር ይግዙና ለእያንዳንዱ ከብት አንድ ገጽ ይስጡት፦ ቀኑ፣ የክትባቱ ስም፣ የብልቃጡ መለያ ቁጥር፣ የከታቢው ስምና የሚቀጥለው ቀጠሮ ይጻፉ።

ስድስተኛ፦ መርፌ የማይከላከላቸው

ክትባት የሌላቸው በሽታዎች ብዙ ናቸው፤ ከብትን ቀስ በቀስ የሚያከሱትና ክትባቱም በደንብ እንዳይሠራ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። በትል የተበላ ከብት ለክትባት የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነውና የሆድ ትል መድኃኒት ከክትባቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢሰጥ መልካም ነው። የጉበት ትል ረግረግና ውኃ የሚያቁር መስክ ባለበት ሁሉ ያስቸግራል፤ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ቀንድ አውጣዎቹ የሚረጩት የትሉ ዘር በሣሩ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ መስኩ እስኪደርቅ ከብቱን ከረግረጉ ማራቅ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይም ለጉበት ትል የሚሆነውን መድኃኒት በባለሙያ ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በከብቱ ክብደት ልክ ይሰጥ፤ በግምት የሚሰጥ ግማሽ መጠን ትሉን ያላምደዋል። አልቤንዳዞል በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ላለች ላም አይሰጥም።

መዥገር በየሳምንቱ ከጆሮ ሥር፣ ከጡትና ከጭራ ሥር ይፈተሽ። በዓባይ፣ በዴዴሳና በጊቤ ሸለቆዎች አቅራቢያ ከብት የሚያሰማራ ሰው የፄፄ ዝንብ የምታስተላልፈውን ገንዲ ማሰብ አለበት፤ ለገንዲ ክትባት የለውም።

ስለ ጥጃ ግን ጠንከር አድርጌ ልናገር። የጥጃ የመጀመሪያው ክትባት እንገር ነው፤ እናቱ በሕይወቷ ያገኘችው የበሽታ መከላከያ የሚተላለፍለት በእንገሯ ብቻ ሲሆን፣ የጥጃው አንጀትም ይህን መቀበል የሚችለው በተወለደበት ዕለት ነው። በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጥባት ይጀምር፤ በስድስት ሰዓት ውስጥ ከክብደቱ አሥር በመቶ ገደማ፣ ማለትም 20 ኪሎ የሚመዝን የአገር ጥጃ ወደ ሁለት ሊትር ይጥባ። እንገር ጋግሮ ለልጆች ማብላት የቆየ ወግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጥጃው ጠግቦ የተረፈው ይበቃል። እትብቱም በአዮዲን ይነከር።

ሰባተኛ፦ አዲስ ከብት ሲገባና ድንገተኛ ሞት ሲያጋጥም

ከገበያ የመጣ ከብት ከነባሮቹ ጋር በአንድ በረት አይደር። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት በተለየ ቦታ ይታሰር፣ የራሱ ውኃና መኖ ይቅረብለት፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ በሽታ ካላሳየ ያመለጠውን ክትባት ይወጋ። የቀበሌው ዘመቻ ቢያልፍም እንኳ ወረዳ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል፤ እኔ ለወይፈኔ ያላደረግሁት ይህንን ነው።

ማታ ደህና የነበረ ከብት ጠዋት ሞቶ ቢገኝ፣ ሆዱ ቶሎ ቢነፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ቢፈስና ገላው ሳይደርቅ ቢቀር አባ ሰንጋ ነው ብለው ያስቡ። አይክፈቱት፣ አይግፈፉት፣ ውሻም አያስቀምሱት። በሞት አፋፍ ላይ ያለን ከብት «በከንቱ ከሚሞት» ብሎ ማረድና ሥጋውን በቅርጫ መከፋፈል ሰው ገድሏል። ሬሳው ሲከፈት ዘሩ አየር አግኝቶ ለዓመታት የማይሞት ጠንካራ ቅርፊት ያወጣል፤ ሳይከፈት የቀረ ሬሳ ግን ውስጡ እየበሰበሰ አብዛኛውን ያጠፋዋል። ለእንስሳት ጤና ባለሙያው በዚያው ሰዓት ይንገሩ፤ ሬሳውን የነካ ሰው በእጁ ወይም በክንዱ ላይ የማያም፣ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ካወጣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሬሳው በሞተበት ቦታ ወይም በቅርቡ፣ ከውኃ ርቆ፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር በጠለቀ ጉድጓድ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበር። ደም የነካው አፈርና ጭድ አብሮ ይግባ። የቀሩት ከብቶች ከዚያ መስክ ወጥተው በባለሙያው ትእዛዝ ይከተቡ፤ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ካሉ የመድኃኒቱ ጊዜ ካለፈ በኋላ ይከተቡ። ጉድጓዱ በእሾህ ይታጠር፣ ቦታውም ለእረኞቹ በስሙ ተጠርቶ ይነገራቸው፤ በዚያ ላይ የበቀለ ሣር ለዓመታት አይታጨድም፣ ከብትም አይሰማራበትም።